በበዓል ቀን የማይዘንብበት ግቢ

የአያልነህ ቤት ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው የጭቃ መንገድ ዳር ነው። በግቢው መካከል፣ ከዛፍም ከግድግዳም ርቆ፣ አንድ ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ቆሟል። የዝናብ መለኪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በመኪና መጥተው ሲተክሉት መንደርተኛው አጥር ላይ ተደርድሮ አይቷል። የእሱን ግቢ የመረጡት ዙሪያው ክፍት ስለሆነና ባለቤቱ ማንበብና መጻፍ ስለሚያውቅ ነበር።

አያልነህ አምሳን ያለፈ፣ ሩዝ የሚዘራና ጥቂት የፎገራ ላሞች ያሉት ገበሬ ነው። በልጅነቱ ጣራ ገዳም ሄዶ ዜማ ተምሯል፤ ዲያቆን ሆኗል፤ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻው ተመለሰ። ቅስና አልተቀበለም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ስም አለው። ሰላም ሲሆን "ዲያቆን" ይሉታል፤ ነገር ሲበላሽ "ደብተራ" ይሉታል። ደብተራ ሲሉ በረዶ የሚመልስ፣ ዝናብ የሚያስር ሰው ማለታቸው ነው።

የመለኪያው ሥራ ቀላል ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወት መለኪያ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ገጽ ጋር ያስተካክላል፤ ከዚያ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጽፎ ቢሮ ላለች ፀደይ ለምትባል ሠራተኛ ይደውላል። "እሺ ጋሼ፣ ስንት ሆነ?" ትለዋለች። ይነግራታል። ቁጥሩ የት እንደሚሄድና ማን ምን እንደሚያደርግበት ነግረውት አያውቁም። አንዳንድ ጊዜ፣ ነገ መሬቱን ሊወስዱት ይሆን እንዴ፣ ብሎ ያስባል።

የለካውን ውሃ አይደፋውም። ከሰማይ የወረደን ንጹሕ ውሃ ከብት በረገጠው ጭቃ ላይ ማፍሰስ ነውር ሆኖ ይታየዋል። በጣሳ ወደ ቤት ያስገባዋል።

በበዓል ቀን ግን አይለካም። ለሚለካው ይከፈለዋል፤ የሚከፈልበት ነገር ሥራ ነው፤ በሬ በማይጠመድበት ቀን ደግሞ ሥራ የለም። ሚካኤል፣ ማርያም ወይም መድኃኔ ዓለም ሲሆን ቆርቆሮውን ዞር ብሎም አያየው፤ አይደውልምም። ፀደይ ስልክ ካልመጣላት ዝናብ የለም ማለት ነው ብላ ዜሮ ትመዘግባለች። እሱ በማግስቱ የሁለቱን ቀን ውሃ አንድ ላይ ለክቶ ይነግራታል። እሱ አላስረዳትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ነገሩ እንዲሁ ዓመታት ሄደ።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። ሰኔ ሲገባ የሩዝ ማሳው ተሰነጣጥቆ፣ የበቀለውም ጫፉ መቃጠል ጀምሮ ነበር። ምሕላ ታወጀ፤ ሕዝቡ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እግዚኦ ሲል ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሰው ሲበተን፣ የአያልነህ ድንበርተኛ አድማሴ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደበት። እኛ መንደር ደግሞ የእግዜርን ዝናብ የሚቆጥር አለ! እኛ እዚህ እግዚኦ እንላለን፣ ያ ቆርቆሮ እዚያ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።"

አያልነህ ሰምቷል። ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

የቀረውን ወሬ ያመጣችው ሚስቱ ሸዋነሽ ናት። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ዱቄቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ ጀመረችው።

"የሚሉትን ሰምተኻል?"

"ምን ይላሉ?"

"ዝናቡን አስሮታል ይላሉ። ውሃውን ወደ ቤት እያስገባ ይደግምበታል፣ ሸዋነሽ ስትተኛ ጠብቆ ነው አሉ። ስተኛማ ማን እንደሚያንኮራፋ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል!"

"ተያቸው፤ ይበሉ።"

"የምተወው ነገር አይደለም። አድማሴ ለማኅበርተኛው ሁሉ ነግሯል። ያን ነገር ካልነቀለ የሰኔ ሚካኤልን ቤቱን አንረግጥም ብሏል። ጠላውን ጠንስሻለሁ። ማን ይጠጣልኝ?"

የሚካኤል ማኅበር በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን በአባላቱ ቤት በተራ ይሰበሰባል። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ጽዋው ይዞራል፤ በመጨረሻ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የሰኔው ተራ የአያልነህ ነበር። ማኅበርተኛ የተረኛውን ደጅ አልረግጥም ካለ ሰውየው ከማኅበሩ ወጥቷል ማለት ነው። ከማኅበር የወጣ ሰው ሩዙን የሚያርምለት ደቦ አያገኝም፤ ሰው ሲሞትበትም አብሮት የሚቀመጥ የለም።

"ንቀለውና ይውጣልን" አለችው ሸዋነሽ።

"ምን ብዬ ነው የምነቅለው? አዎ፣ ሳስር ነበር ብዬ?"

ሸዋነሽ ዱቄቱን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ጓዳ ገባች።

በዋዜማው ዝናብ መጣ፤ እስኪነጋም አላባራም። ጠዋት አያልነህ ነጭ ለብሶ፣ ቆርቆሮውን ሳያይ አልፎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ወጣት ሞተር ሳይክሉን ከጭቃው እየታገለ ግቢው ደረሰ። ሕዝቅኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመለኪያዎች ተቆጣጣሪ ነው። በበዓሉ ቀን የመጣው ሆን ብሎ ነው። ከዚህ ግቢ በሚደርሰው ቁጥር የሚካኤልና የማርያም ዕለት ዘንቦ አያውቅም፤ በማግስቱ ግን ከአካባቢው መለኪያዎች ሁሉ የበለጠ ዶፍ ይወርዳል። ሕዝቅኤል ሰውየው ከአልጋው ሳይነሣ ቁጥር ይፈጥራል ብሎ ደምድሟል።

የቆርቆሮውን ላይኛ ክፍል አንሥቶ አየ። ውስጡ ውሃ አለ። መልሶ ከደነውና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሸዋነሽ ጠላ ስታቀርብለት አመስግኖ አልጠጣም አለ።

"ምነው ልጄ፣ ጴንጤ ነህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ እናቴ።"

ሸዋነሽ አላመነችውም። ከጓዳ ሆና በበሩ ስንጥቅ ታየው ጀመር።

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኞቹ መጡ። መጡ እንጂ አልገቡም፤ አድማሴን ከፊት አድርገው የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። አያልነህ በመካከላቸው አልፎ ገባና ዞሮ፣ "ግቡ እንጂ! በሚካኤል ግቡ!" አለ። አንድም እግር አልተነሣም። ይልቅ ከኋላው ሌላ ድምፅ መጣ።

"ጋሽ አያልነህ እርስዎ ነዎት? ከቢሮ ነኝ። ሲዘንብ ነው ያደረው። ለምን አልለኩም?"

"ዛሬ ሚካኤል ነው።"

"ለፀደይስ ለምን አልደወሉላትም?"

"ሚካኤል ነው አልሁህ እኮ።"

"ካልደወሉ እሷ ዝናብ የለም ብላ ነው የምትይዘው።"

"እኔ የለም አላልሁም። ዝም ነው ያልሁ።"

"ከዚያ ነገ የሁለቱን ቀን ደምረው ይነግሯታል?"

"ውሃው አንድ ላይ ነው ያለ። በምን ልለየው?"

ሕዝቅኤል ነገሩ ገባው። ግን የገባው ከጠረጠረው ይልቅ በጣም ቀላል ስለነበር ሊያምነው አልፈለገም።

"ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳይናገሩ?"

"ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቁኝ።"

አድማሴ ከበሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። "ጌታው፣ ከለካው በኋላ ውሃውን የት እንደሚያደርሰው ጠይቅልን እስቲ!"

"የት ነው የሚያደርሱት?" አለ ሕዝቅኤል።

"ወደ ቤት አስገባዋለሁ።"

"ወደ ቤት?" መመሪያው ይደፋ ነው የሚለው። ወደ ቤት የሚገባ ውሃ ከቤት ወጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ሊጨመርም ይችላል፤ ሕዝቅኤል ይህን አሰበና ፊቱ ተለወጠ።

"አየህልኝ!" አለ አድማሴ። ሁለቱ ሰዎች በሌላ በምንም የሚስማሙ አልነበሩም፤ በዚህ ግን ተስማሙ።

ሸዋነሽ አንድ ስባሪ ጣባ ይዛ ከቤት ወጣች። "ይኸው! በዚህ ነው የሚቀርበው፤ የሚጠጣው ጫጩት ነው! ጫጩት ላይ የሚደግም ደብተራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?"

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። አድማሴ አልሳቀም።

"እንግዲያ ዘንድሮ ፈንግል የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሲጠርግ የናንተ በምን ተረፈ?"

ሳቁ ተቋረጠ። እውነት ነበር፤ ሁሉም ያውቁታል።

"አስከትቤ ነዋ! የግብርና ልጆች ሲዞሩ፣ ዶሮዬን እንዳትነኩ ብለህ በር የዘጋህባቸው አንተ አይደለህም?"

"መርፌውን ማን አየ?"

"መርፌ የለውም፤ በዓይናቸው ነው የሚንጠባጠብ።"

"በዓይናቸው!" አለ አድማሴ፣ አዲስ ምስክር እንደ ቆመለት ወደ ሰዎቹ ዞሮ።

በዚህ መካከል ቄስ ተክለ ማርያም ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ደረሱ። የማኅበሩም የአያልነህም የነፍስ አባት ናቸው። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

"በር ላይ ምን ያስቆማችኋል?"

"አባ፣ ዝናብ ከሚያስር ሰው ቤት አንገባም" አለ አድማሴ።

"ሌሊት የወረደው ምንድን ነው ታዲያ?"

"እሱማ በምሕላችን የመጣ ነው።"

"እንግዲያ የዚህ ሰው ማሰሪያ የላላ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ቆርቆሮው ሄደው ዞሩት። እስከዚያን ቀን ይህን ያህል ቀርበውት አያውቁም።

"አያልነህ፣ ይኸ ነገር ምሕላ በያዝንባቸው ዓመታት ሁሉ ይለካ ነበር?"

"ይለካ ነበር አባ።"

"ከምሕላ በፊት የዘነበውንና ከምሕላ በኋላ የዘነበውን አስተያይተህ ታውቃለህ?"

ጸሎታቸው ዝናብ አምጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በቁጥር ሊናገር የሚችል ሰው በመንደሩ ቢኖር አያልነህ ብቻ ነበር። ማኅበርተኞቹ ይህን ያሰቡት ገና አሁን ነው። ካህኑ ግን ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ይዘውት የኖሩ ይመስላሉ።

"አላስተያየሁም።"

"ብትፈልግ ትችል ነበር?"

"እችል ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተውኸው?"

"ፈራሁ አባ።"

"ምኑን?"

አያልነህ መዳፎቹን አፋተገ። "ከምሕላው በኋላ በልጦ ቢገኝ፣ እግዜርን እንደ ባለ ቀጠሮ ልጠብቀው ነው። ባይበልጥ ደግሞ..."

"ይሄ እኮ ቀላል ነው" አለ ሕዝቅኤል ስልኩን እያወጣ። "ቁጥሮቹ እዚህ አሉ። ምሕላ የያዛችሁበትን ቀን ብትነግሩኝ አሁኑኑ..."

"ልጄ፣ አንተን የጠየቀህ የለም" አሉት ቄሱ።

ከዚያ አያልነህን ትክ ብለው አዩት። እውነቱን ይሁን፣ ወይስ አስተያይቶ ያገኘውን እየደበቃቸው፣ ከፊቱ ሊለዩ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። የተለየላቸው መሆኑ አይታወቅም።

"መቁጠርስ እኛም እንቆጥራለን" አሉ በመጨረሻ። "አበቅቴ ሳይቆጠር ፋሲካ አይታወቅም። በሉ ግቡ።"

ራሳቸው ቀድመው ወደ ቤት ገቡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አድማሴ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። ጽዋው ሲደርሰው ከመጠጣቱ በፊት ውስጡን አየ፤ ቢሆንም ጠጣ። የሐምሌው ተረኛ እሱ ስለነበር ማኅበሩ ሲያበቃ ጽዋውን ከአያልነህ እጅ መቀበል ግድ ሆነበት። እጁን በነጠላው ሸፍኖ ተቀበለ፤ ለክብር ይሁን ለጥንቃቄ የጠየቀው የለም። ሸዋነሽ ከጓዳ ሆና ይህን አይታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ደቦው አልቀረባቸውም።

አያልነህ ሕዝቅኤልን ሊሸኝ ወደ ደጅ ወጣ። በበዓል ቀን ደውሎ "አልለካሁም" ቢል ምን እንደሚሆን ሊጠይቀውም አስቦ ነበር። ከበሩ ሳያልፍ ግን ቆመ። ቄስ ተክለ ማርያም ቀድመውት ወጥተው ከልጁ ጋር ሞተር ሳይክሉ አጠገብ ቆመዋል። የሚሉት አይሰማም። ካህኑ ቀን እንደሚያሰላ ሰው ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፤ ልጁ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ካህኑ ስልኩ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ እንዳሉም ቆዩ። ሲቃኑ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ልጁ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

አያልነህ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

"ምን አለዎት አባ?"

"ማን፣ ልጁ? መንገዱ ያሳልፋል ወይ ነው የሚለኝ። ጭቃ ነው አልሁት።"

ልጁ ጠዋት በዚያው መንገድ ነው የመጣው። አያልነህ ይህን አልተናገረም። ካህኑ መስቀላቸውን ዘረጉለት፤ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ቀና ብሎ ፊታቸውን ሊያይ ሲል እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ይገቡ ነበር።