ከጎሮ ኦሎምፒያ፣ የዝናብ ዲስክ ይዞ መመላለስ

ጠዋት፣ ጎሮ

ከቤት የወጣሁት ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከኮቴ ሥር ደረቴ ላይ ሸጉጬ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው አከራዬ ኦቦ ደበላ ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው የለኩት የጎሮ ዝናብ ነው። አለቃዬ «ዛሬ ኦሎምፒያ ያለው ኮምፒዩተር ውስጥ ካልገባ የጎሮ ዝናብ መለኪያ ጣቢያ ይዘጋል» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ጣቢያው ተዘጋ ማለት የሽማግሌው ደመወዝ ቀረ ማለት ነው።

«አደራ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አያስቡ! የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!

እስከ ጉርድ ሾላ በእግር፣ በጤፍ ማሳ መሐል ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከዚያ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ተቀመጥን፤ አንዲት ሴትዮ የዶሮ ቅርጫቷን እላዬ ላይ አሳረፈች። መገናኛ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ዲስኩን አገላብጦ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዝናብ ነው» አልኩት። አጉል መልስ! ታክሲው ጥሎኝ ሄደ።

ኦሎምፒያ

ኮምፒዩተሩን የምታሠራው ሰብለ ዲስኩን ከተተችው። ማሽኑ አጉረመረመና «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለ።

የፍተሻውን ነገር ስነግራት «ፈታሹ በጣቱ ነክቶት ይሆናል» አለች።

ደሜ ፈላ። ዲስኩ ወደተሞላበት፣ ጉርድ ሾላ ወዳለው ቢሯችን ተመለስኩ፤ በአዲስ ዲስክ አስገለበጥኩ፤ ምሳዬን ሳምቡሳ እየገመጥኩ፣ በሌላ ታክሲ ኦሎምፒያ ደረስኩ። አሁንም «ተበላሽቷል!»

«ይሄን ማሽን ምን አደረግኩት?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ላይ አትጩህ!» አለች ሰብለ፤ እውነቷን ነው። ተረጋግተን ማሽኑ ያነበበውን መስመር በመስመር እንዲያሳየን አደረግን። ነሐሴ ሠላሳን አልፎ ቀጥ አለ። በሌላኛው ዲስክም እዚያው ጋ። ሁለታችንም ተያየን። ጳጉሜ! ለካ ቢሯችን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስገብቶት ኖሯል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ሲያይ ፋይሉ የተበላሸ መሰለው።

«እንቁረጠዋ» አለች ሰብለ። «አምስት ቀን ናት፤ ማን ያውቃል?»

ደክሞኛል፣ ርቦኛል፤ እሺ ልላት ነበር። ግን ያን የጳጉሜ ማለዳ በዓይኔ አይቻለሁ። መለኪያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ እየጮኸ ኦቦ ደበላ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ይቅርብዎ ብላቸው አልሰሙኝም።

«አንቆርጥም» አልኳት።

«እግዜር ይይልህ!» አለችና ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘውን ካላንደር ከግድግዳው ላይ አወረደች። እኔ የፈረንጁን ቀን እየጠራሁ እሷ ስትጽፍ ዋልን። ሊመሽ ሲል ማሽኑ ያለ አንድ ቃል ዋጠው። ሰብለ አጨበጨበች፤ እኔ ዲስኩን በላስቲኩ መልሼ ጠቀለልኩት።

ማታ፣ ጎሮ

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽን «ተበላሽቷል» ሲለኝ አልሮጥም፤ የት ላይ እንደቆመ ነው መጀመሪያ የማየው። ይህንን ለመማር ከጉርድ ሾላ ኦሎምፒያ ቀኑን ሙሉ መመላለስ ነበረብኝ።

ያን ማታ ኦቦ ደበላ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ገባ?»

«ገባ። ግን ማሽኑ ጳጉሜ የሚባል ወር የለም ብሎ ቀኑን ሙሉ አናደደን።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

«የለም? ታዲያ ያን ለት ወንዙ ውስጥ የበሰበስኩት መቼ ነው?»