የደብተሬ ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ማደያ ላይ ተራዬ ደርሶ፣ ቀጂው የመኪናዬን የቤንዚን ክዳን ሲያዞረው «ፍስስ» አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ለስላሳ ሲከፈት የምትሰማው ዓይነት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጥሩንባውን ሲያንባርቅብኝ እኔ ወርጄ ክዳኑን ከልጁ እጅ ተቀብዬ ውስጡን በጣቴ እዳስሳለሁ። «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» አለኝ ቀጂው። ምንም አልኩት። አርባን አልፌያለሁ፣ ነርስ ነኝ፣ ደም አይቼ አልደነግጥም። ያቺን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልችላትም።

ነገሩ የሆነው ከጅጅጋ ራቅ ብላ ወደ ድንበሩ ባለችው ሀርሺን እያለን ነው። አባቴ እዚያ ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲመደብ እናቴንና እኔን ከጅጅጋ ይዞን ሄደ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልደረሰንም። አባቴ ግን መኪና ነበረው፤ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ከኋላዋ ፍራሽ የሚዘረጋባት፣ ነጭነቷን አቧራ የበላው አሮጌ መኪና። ከእሱ በቀር ማንም መካኒክ ነክቷት አያውቅም። እናቴ «እኔ ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ይልከኛል፤ እሷን ግን ራሱ ነው የሚያክማት» እያለች ታሾፍበት ነበር።

መኪናዋ ሁለት ነውር ነበረባት። የቤንዚን መለኪያዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሦስት ጭረት ያለው የግራር እንጨት ወደ ሰልባትዮው፣ ማለት ቤንዚኑ ወደሚጠራቀምበት በርሜል፣ አስገብተን እንለካ ነበር። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ የክዳኑ ጎማ አልቆ ስለነበር መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር ቤንዚኑ ይፈናጠቅና ሽታው ወደ ኋላ ይገባል።

እናቴን ሐሙስ ዕለት ሆዷን አመማት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አባቴ የጤና ጣቢያውን ነርስ ከቤቱ አስነስቶ አመጣው። ነርሱ ሆዷን በቀኝ በኩል ጫን አድርጎ ለቀቀው። የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰማው። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፣ መምህር» አለው አባቴን። «እዚህ ላደርግላቸው የምችለው ነገር የለም። አሁኑኑ ጅጅጋ ይግቡ፤ እንዳይዘገዩ።»

ፍራሽ ዘርግተን አስተኛናት። ገና በሩ ሳይዘጋ ሽቅብ ሽቅብ አላት። ባስመለሳት ቁጥር ሆዷ የሚቀደድ ይመስል በሁለት እጇ ትይዘው ነበር። «ሽታው» አለችኝ፣ «ሽታው ነው የሚገድለኝ።»

ሮጬ ቤት ገባሁ። የዱቄት ወተት ተጠቅልሎበት በኮንትሮባንድ የመጣ ወፍራም ላስቲክ ነበረኝ፤ ደብተሮቼን የምለብደው በእሱ ነበር። ከሒሳብ ደብተሬ ላይ ገፈፍኩት። አባቴ ውሃና ትርፍ ቤንዚን በጄሪካን ሲጭን፣ እኔ ላስቲኩን ሁለት አጥፌ የሰልባትዮውን አፍ ሸፈንኩና ክዳኑን በላዩ ጥርቅም አድርጌ አዞርኩት። ሽታው ወዲያው ጠፋ። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ከሀርሺን ወጥተን ሃያ ኪሎ ሜትር ሳንሞላ መኪናዋ ሁለት ሦስቴ አሳላትና ቀጥ አለች። የዚያን ሜዳ ዝምታ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል አይገባውም። ኩይሳው እንደ ሰው ቆሞ ያያችኋል፣ ነፋሱ ቀይ አፈር በበሩ ስንጥቅ ይልካል፣ ከዚያ ውጪ የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። «ኮይሉ ነው፤ ሞቆ ነው» አለና፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ያን ዕቃ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አለበሰው። «እስቲ ቤንዚኑን ለኪ!»

ክዳኑን ፈታሁ። ፍስስ አለ። ላስቲኩን አንስቼ እንጨቱን አስገባሁ። «ከሁለተኛው ጭረት በላይ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ላስቲኩንም መልሼ በጥንቃቄ ከደንኩ። መኪናዋ ተነሳች። «አላልኩም? ኮይሉ ነው» አለ አባቴ።

ብዙም ሳንሄድ ደግሞ ቆመች። አሁን እርጥቡ ጨርቅ አልሠራም። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታ፤ በአፉ እየመጠጠ ቤንዚን ተፋ፤ ከንፈሩ ነጣ። «ለኪ» አለኝ። ለካሁ። ተነሳች። «ቆሻሻ ነበረበት ማለት ነው።» እንግዲህ እንዲህ ነበር። እሱ ፊት ለፊት ሆኖ አንድ ነገር ይነካል፣ እኔ ከኋላ ክዳን እከፍታለሁ፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ምስጋናው ለነካው ዕቃ ይሆናል። በሽታውም መድኃኒቱም በእኔ እጅ ነበሩ። ያቺን ድምፅ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቤንዚኑ የሚተን መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛ የቆምነው ሐርተሼክ ጋ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። አባቴ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ አንዱ ከእጁ ወድቆበት አቧራ ውስጥ ፈልገን አገኘነው። እናቴ ድንገት ዓይኗን ገለጠች። «ቀለል አለኝ» አለችኝ። «ዛሬ ደግሞ አይሸትም፤ ምን አደረጋችሁት?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ተባረኪ ልጄ» አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች።

በዚያው ሰዓት ለስደተኞች ካምፕ ውሃ አራግፎ ወደ ጅጅጋ የሚመለስ ቦቴ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሶማሌ ሰውዬ፣ ወርዶ ወደ ውስጥ አየ። «መዓሊን» አለው አባቴን፣ እዚያ አገር መምህርን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ «ሴትዮዋን ለእኔ ስጠኝ። ወላሂ፣ ከቀትር በፊት ሆስፒታል አደርሳታለሁ።»

አባቴ የቦቴውን ከፍታ አየ። እናቴን አየ፤ «ቀለል ብሎኛል፣ አታንቀሳቅሱኝ» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ «ለኪ» አለኝ። ለካሁ። ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ በአንዴ ተነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ተነስታለች» አለው።

«እንግዲያው ከኋላህ ልከተልህ።»

«ኧረ አላስቸግርህም፤ ሂድ፣ ሥራህን አትፍታ።» ይሉኝታ ነው። አባቴ ሰው ማስቸገር ከሞት የሚከብደው ሰው ነበር። ቦቴው አቧራውን እያስነሳ ሄደ፤ እኛም ደስ እያለን ተከተልነው።

ለአራተኛ ጊዜ የቆምነው ከቀብሪበያህ ከተማ አልፈን ነው። አናት የሚበሳ ቀትር ነበር፤ መንገዱ ላይ አንድም ነገር አይታይም። እናቴ አንቀላፍታለች፤ ፊቷ የሰም መልክ ይዟል። አባቴ ያልነካው ዕቃ አልቀረም። ጎማውን በርግጫ መታው። ከዚያ ግንባሩን በጋለው ኮፈን ላይ ደፋና፣ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ሦስት መቶ ልጅ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ «እባክሽ… ዛሬን ብቻ። ከዛሬ በኋላ የፈለግሽበት ቁሚ» እያለ መኪና ለመነ። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ።

ምናልባት ቤንዚኑ ውሃ ይኖርበት ይሆናል ብሎ ከጄሪካኑ ሊጨምርበት ራሱ ወደ ኋላ መጣ። ክዳኑን ፈታ። ፍስስስ… እንደዚያ ረዝማ አታውቅም። አባቴ ክዳኑን እንደያዘ ደረቀ። ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተስቦ እንደ ጭልፋ ጎድጉዶ ነበር። በሁለት ጣቱ አወጣው። ሒሳብ የሚያስጠናኝ እሱ ነው፤ የየትኛው ደብተር ላስቲክ እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረም።

«ሰልባትዮ መተንፈስ አለበት» አለ ቀስ ብሎ፣ ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል። «ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ…» ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ አቆመው። ላስቲኩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «ግቢ» አለኝ።

እናቴ ከውስጥ «መኪናዋ ምን ሆና ነው?» ስትል ሰማኋት።

«ቆሻሻ ነው። ወጣ» አላት።

መኪናዋ እስከ ጅጅጋ አንዴም አላሳላት። ሆስፒታሉ በር የደረስነው የቀትሩ ሶላት ካለቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፣ መርዙ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል አለን። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሞተች።

ለቅሶው ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በሰው ፊት ተነሳ። የቦቴው ሾፌር ነግሮት ነበር። «ሰው መኪና አቁሞ ልውሰዳት እያለህ! ቆርቆሮህን አምነህ እህቴን ገደልካት!» አለው። አባቴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ «ልክ ነህ» አለ። የላስቲኩን ነገር አላነሳም። እኔ ሴቶቹ መሃል ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። አጎቴ እስኪሞት ድረስ አባቴን ሰላም አላለውም፤ አባቴም መኪናዋን ጓሮ አቁሞ ሁለተኛ ኮፈኗን አልከፈተም።

ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ጅጅጋ እኔ ጋ ይኖር ነበር፤ እኔም ነርስ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣን ሳለ «አባዬ፣ ያ ላስቲክ…» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

«ተዪው» አለ። ከዚያም፣ ለዓመታት ሊነግረኝ ያስቀመጠው እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «እኔ የማስበው ሌላ ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ አንዴም አላስመለሳት። ከሐርተሼክ ወዲህማ ሕመሙም ለቀቃት፤ እንቅልፍ ወሰዳት። ሽታውን ስለዘጋሽላት ነው። እናትሽን ያሳረፍሻት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። በሽተኛው «ተሻለኝ» ይላል፤ እኛ ያኔ ነው የምንሮጠው። ነርስ ሆኜ በመጀመሪያው ዓመት የተማርኩት ነው። ሐርተሼክ ላይ፣ ቦቴው አጠገባችን ቆሞ ሳለ፣ «ቀለል አለኝ» ስትል ምን እየሆነች እንደነበር አውቃለሁ። አባቴ አያውቅም።

«እውነትህን ነው አባዬ» አልኩት። «አርፋ ነበር።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ሻይ ጨመርኩለት።