የኤቮዲዮ አውራ ጣት

ኤቮዲዮ ዕድሜ ልኩን በሰው እጅ ኮረንቲ ሲሰድ ኖሮ፣ ሁለቱን የነሐስ ቱቦዎች አንድም ቀን ራሱ ያልጨበጠው ለምን ነበር? ካሪሳል መንደር ውስጥ ይህን ያልጠየቀ የለም፤ የመለሰ ግን የለም። አንዳንዱ ልቡ ደካማ ስለሆነ ነው ይላል። አንዳንዱ ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ተስሎ ነው ይላል። ራሱን ሲጠይቁት "ሐኪም ራሱን መርፌ ሲወጋ አይታችኋል?" ይልና ወሬ ይለውጣል።

ሥራው ቀላል ነበር። በጠፍር ከአንገቱ ያንጠለጠላትን የእንጨት ሳጥን ይዞ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ይዞራል፤ ቱቦዎቹን ቃ! ቃ! እያጋጨ "የሚነዘር ወንድ አለ?" ይላል። ጠጪዎቹ ወንበራቸውን ገፍተው ይነሡና እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ አንዳንድ ቱቦ ይጨብጣሉ። ኤቮዲዮ በአውራ ጣቱ የሳጥኗን መዘውር ቀስ እያለ ያዞራል፤ ሳጥኗ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ተርብ ትጮኻለች። ቀድሞ እጁን የለቀቀ ሰው ለሁሉም ቢራ ይገዛል።

ሁለቱንም ቱቦ ለየብቻ ጨብጠው ሲሞክሩ ደግሞ ከሁሉም ቆይቶ የሚለቀው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ የበቆሎ ወፍጮው ባለቤት ጉመርሲንዶ። ለኤቮዲዮ አበልጁ ነው፤ ልጁን ሩፊናን ክርስትና ያነሣለት ኤቮዲዮ ነው። "ኮረንቲ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል" ይል ነበር ጉመርሲንዶ፣ መዳፎቹን እያሻሸ። ሰውም ያምነዋል። እሱም ራሱን ያምናል።

ዝናቡ ሊገባ ሰሞን የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ኦብዱሊያ ኤቮዲዮን ቤቱ ድረስ መጥታ አነጋገረችው። ልጆቹ ስለ ኮረንቲና ስለ ማግኔት እየተማሩ ነበር። በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በአምፖል መብራት አብርተዋል፤ ሚስማር ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው መርፌዎች አስነሥተዋል። አሁን ደግሞ የእሱን ሳጥን ውስጧን ቢያዩ ትወዳለች። ኤቮዲዮ ልጅ ሆኖ ካቋረጠ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ የሳጥኗን ክዳን ሲከፍት ልጆቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ከበቡት። "ይቺ ምላሷ ናት" አለና አንዲት ቀጭን የብረት ቅጠል አሳያቸው። የቀረውን አስተማሪዋ ጨረሰችው።

"ኮረንቲ በተጠመጠመው ሽቦ ሲያልፍ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ማግኔት ይሆናል። ማግኔቱ ምላሷን ይስባታል። ስትሳብ የኮረንቲው መንገድ ይቋረጣል፤ መንገዱ ሲቋረጥ ማግኔትነቱ ይጠፋል፣ ምላሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ስትመለስ መንገዱ ይገጥምና ደግሞ ይስባታል። የምትሰሙት ጩኸት ይሄ ነው።"

"አይደክማትም?" አለ አንድ ልጅ።

"ድንጋዩ እስኪያልቅ ድካም አታውቅም" አለ ኤቮዲዮ። "ልክ እንደ አክስትህ።"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። ከዚያ ልጆቹ ክብ ሠሩ። ክቡ ሲገጥም ሁሉም ተነዘሩ፤ አንዷ ልጅ እጇን ስታነሣ ንዝረቱ ሁሉንም በአንዴ ተዋቸው። መምህርቷ "አያችሁ? መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ የትም አይሄድም" አለች። ጥሩ ትምህርት ነበር።

በመጨረሻ ሩፊና ብቻዬን እሞክራለሁ ብላ ሁለቱንም ቱቦዎች ጨበጠች። ኤቮዲዮ ለልጅ በሚሆን መጠን ጥቂት አዞረ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ቀጫጭን አንጓዎቿ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ፤ ጣቶቿ ነሐሱ ላይ ነጡ። የኤቮዲዮ አውራ ጣት እንደ ልማዱ መዘውሩን መለሰ። ሩፊና ቱቦዎቹን ወርውራ ዘለለች።

"አባቴን መሰልኩ! ሲበዛብኝ ለቀቅኩት!"

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ኦብዱሊያ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ዶን ኤቮዲዮ፣ ሩፊና ናት የለቀቀችው ወይስ እርስዎ?"

ኤቮዲዮ ሳጥኗን ዘጋ።

"አይቼዎታለሁ እኮ። ኮረንቲው ሲበረታ የእጅ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ጣት ይጨብጣል እንጂ አይከፈትም። ጣትዎ ነው የመለሰላት።"

"ሁሉም እንደዚያው ናቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ትልልቆቹም። አንጓቸው ሲታጠፍ አያለሁ፣ እመልስላቸዋለሁ፣ እነሱ የለቀቁ ይመስላቸዋል። እኔን ቢይዘኝ ማን ይመልስልኛል?"

"ጉመርሲንዶም?"

"እሱን ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ደስ ይለዋል። እባክሽ መምህርት፣ የእንጀራዬን ገመድ እንዳትበጥሺብኝ።"

"እኔ ያሰብኩት የእርስዎን እንጀራ አይደለም" አለች። "ልጆቹ ዛሬ ከዚህ ምን ይዘው ወጡ ነው የምልዎት።"

ኤቮዲዮ ሳጥኗን ከአንገቱ አንጠልጥሎ ወጣ። ሳጥኗ ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ ከወትሮው ከበደችው።

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ሩፊናን በወፍጮው አጥር አጠገብ ባለው መንገድ አገኛት። እየሮጠች መጣችና እጁን ያዘች።

"የክርስትና አባቴ፣ አጥራችን ሰላም ይለኛል!"

"ምን አልሽ?"

"ስነካው ይነዝረኛል። ልክ እንደ ሳጥንዎ። ትናንት ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ግን ጨምሯል። ጓደኞቼ እነ ኔሬዮ ፈርተው ሮጡ።"

ኤቮዲዮ መጀመሪያ እግሯን አየ። የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ከዚያ ቀና አለ። ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ወፍጮው ቤት የሚሄድ ሽቦ አለ፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፎ የመንግሥት የመብራት መስመር ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለውን የስርቆት መንጠቆ ሰፈሩ "ሰይጣኗ" ይላታል፤ ግማሹ ቤት አንዳንድ አለው። የጉመርሲንዶ ሽቦ ግን ነፋስ አርግቦት እሾሃማው አጥር ላይ ተኝቷል፤ ሲፋተግ ከርሞ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ያብለጨልጫል።

"ሁለተኛ እንዳትነኪው።"

"ለምን? ሲበዛብኝ እለቀዋለሁ።"

ኤቮዲዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

ጉመርሲንዶን ወፍጮው ደጃፍ ላይ በቆሎ ሲያወርድ አገኘው።

"አበልጄ፣ ሽቦህ አጥሩ ላይ ወድቋል። አውርደው።"

"ላውርደውና ሞተሩን በምን ላዙረው? በአንተ ሳጥን?"

"ቆጣሪ አስገባ።"

"ቆጣሪ!" ጉመርሲንዶ ጆንያውን ጥሎ ሳቀ። "ሰው እያስነዘርክ የምትበላ ሰውዬ ዛሬ ኮረንቲ ፈራህ? አርጅተሃል በለኛ።"

"እኔ የፈራሁት ለሩፊና ነው።"

"ሩፊና የማን ልጅ መሰለችህ? አባቷን ያልጣለ ኮረንቲ እሷን አይጥላትም። ሂድ፣ አንድ ቢራ ጠጣና ተኛ።"

በማግሥቱ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የጉመርሲንዶ ሴት አሳማ አጥሩ ሥር ሞታ ተገኘች፤ አፍንጫዋ እሾሁ ሽቦ ላይ ነበር፣ አራት እግሮቿ እንደ ጠረጴዛ እግር ቀጥ ብለዋል። ጉመርሲንዶ "እባብ ነው" አለ። ለማስፈጨት የተሰለፉት ሴቶችም አማትበው "እባብ ነው" አሉ። ሩፊና ስለ አጥሩ በክፍል ስታወራ የሰማችው ኦብዱሊያ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር።

"አሳማዋ ጫማ የላትም" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "ላስቲክ ኮረንቲ እንደልብ አያሳልፍም" አለች። "ሩፊናን እስከዛሬ ያቆያት ጫማዋ ነው። የረጠበ ባዶ እግር መሬት ሲረግጥ ግን መንገዱ ይገጥማል።" ጉመርሲንዶ ትምህርቷን ለልጆቿ እንድትተው ነገራት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኤቮዲዮ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ራቅ ብሎ ያይ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጭቃው ጫማቸውን እየነጨባቸው ስላስቸገራቸው ሁሉም አወለቁ። ሩፊና ነጠላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ከፊት ከፊት፣ ወደ አጥሩ መንገድ ታጠፈች። ኤቮዲዮ ከሩጫ በማይተናነስ እርምጃ ደረሰባትና ክንዷን ይዞ በመኪናው መንገድ ዞሮ ወደ ወፍጮው ወሰዳት። ሳጥኗ አንገቱ ላይ ነበረች።

ወፍጮ ቤቱ ባልዲ በያዙ ሴቶች ተሞልቷል። ጉመርሲንዶ ሲያየው ሞተሩን አጠፋ።

"ደግሞ መጣህ?"

"ጉመርሲንዶ፣ አንተ አንድም ቀን ለቅቀህ አታውቅም" አለ ኤቮዲዮ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "ማንም ለቅቆ አያውቅም። ባሎቻችሁም አልለቀቁም። የምለቃችሁ እኔ ነኝ፤ በዚች ጣት።" አውራ ጣቱን አሳያቸው። "ኮረንቲ የያዘው እጅ አይከፈትም። ምሰሶው ላይ ያለው ደግሞ የሚመልስለት ጣት የለውም።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ "ቱ! ባሌ ያን ሁሉ ቢራ የገዛው ለዚህ ነው?" አለችና ሳቅ ሆነ። ጉመርሲንዶ አልሳቀም። ፊቱ ደም መሰለ።

"አምጣ" አለና ቱቦዎቹን ነጠቀው።

ኤቮዲዮ መዘውሩን መጠጥ ቤት ከለመደው ቦታ ድረስ አዞረው። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ከሳጥኗ አንሥቶ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ወደ ላይ ዘረጋ።

"በቃኝ ስትል ልቀቅ" አለው።

ጉመርሲንዶ ለሴቶቹ ጥርሱን አሳያቸው። ሳጥኗ ትጮኻለች። ቀስ በቀስ አንጓዎቹ ወደ ውስጥ ተቆለመሙ፣ ክርኖቹ ጎኑ ላይ ተጣበቁ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደነበረ ቀረ፤ ማንሣት አቅቶት ነው እንጂ ሳቅ አልነበረም። ላቡ ካገጩ ይንጠባጠብ ጀመር።

"አባባ፣ ልቀቀው" አለች ሩፊና።

ጉመርሲንዶ ዓይኑን ብቻ ወደ ኤቮዲዮ አዞረ። አፉ አልከፈት ብሎታል።

"አባባ፣ በቃ አሸንፈሃል! ለምን አትለቀውም?"

ኤቮዲዮ ሰው እንዲህ ሲቆይ አይቶ አያውቅም። ጣቱ ወደ መዘውሩ ሊሄድ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የሚያየው አበልጁን ሳይሆን ልጅቷን ነበር። ፊቷ እስኪለወጥ ጠበቀ። ሩፊና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሸሽ መዘውሩን መለሰ።

ቱቦዎቹ መሬት ላይ ወደቁ። ጉመርሲንዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን የሌላ ሰው ንብረት ይመስል አገላብጦ አያቸው። ከዚያ "ውጣ" አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ሳያስፈጩ አንሥተው ሄዱ። ኤቮዲዮ ቱቦዎቹን ሲለቅም፣ ካሁን በኋላ የትም መጠጥ ቤት ማንም ና ብሎ እንደማይጠራው ያውቅ ነበር።

ከመጨለሙ በፊት ዝናቡ መጣ። ሰይጣኗ እንደተሰቀለች ናት፤ ምሰሶው ረጥቧል፣ በእንጨት እንኳ የሚደፍራት ሰው የለም። ኦብዱሊያ የሰፈሩን ልጆች ከአጥሩ መንገድ እንዳይደርሱ በየቤቱ እየዞረች ለወላጆቻቸው አስጠነቀቀች። ኤቮዲዮ የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ወንበር አመጣና ከአጥሩ ራቅ ብሎ መሐል መንገድ ላይ ተቀመጠ። የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። አንድ ሰካራም "ዶን ኤቮዲዮ፣ ዛሬ አጥሩን ነው የሚያከራዩት?" ብሎት አለፈ። ነፋሱ ሽቦውን ባነቃነቀ ቁጥር እሾሁ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታይና ይጠፋል። የጉመርሲንዶ መስኮት መብራት እስኪነጋ አልጠፋም።

ሲነጋ ጉመርሲንዶ ደረቅ አጣና ይዞ ወጣ። ምሰሶው ሥር ቆሞ ወደ መንጠቆዋ ለረጅም ጊዜ አንጋጠጠ። ከዚያ አጣናውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ስልክ ወዳለበት ሱቅ ወረደ። ሲመለስ ኤቮዲዮን ቀርቦ አላናገረውም።

"የመብራት ድርጅቱን ሰዎች ጠርቻቸዋለሁ" አለ ከሩቅ። "ይቀጡኛል።"

"ይቅጡህ። ልጅቷስ?"

"ጫማዬን አላወልቅም ብላ፣ ከነጫማዋ ተኛች።"

ሰዎቹ መኪና ይዘው የመጡት ፀሐይ ከወጣች ቆይታ ነው። ወፍራም ጓንት አጥልቀው በረጅም ዘንግ መንጠቆዋን ነቀሏት፤ ሽቦው ጭቃው ላይ ተዘረረ። ኤቮዲዮ ሽቦው ተጠቅልሎ መኪናው ላይ እስኪጫን ከወንበሩ አልተነሣም። ከዚያ ወንበሩን ተሸክሞ ቤቱ ገባ፤ ጩኸቱ ጆሮው ውስጥ አልጠፋ ብሎት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ቆየ። እንቅልፍ የወሰደው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው።