የታችኛው ቤት ግንበኛ

ሰፈራችን ያለው ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው ኋላ፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። ጎድጓዳውን የፈጠረው ራሱ ፋብሪካው ነው፤ ሸክላ አፈሩን ለዓመታት ዝቆ ዝቆ ሲጨርስ፣ ባዶውን ቦታ ለሠራተኞቹ ቤት መሥሪያ ብሎ አደለ። አባቶቻችን በደስታ ፈንድቀው ተቀበሉ። ውሃ ወዴት እንደሚወርድ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ዛሬ ፋብሪካው ተዘግቷል። የቀረልን ነርሷ ከመጣች የሚከፈት ክሊኒክ፣ አውቶቡሱ ሲያሰኘው የሚቆምበት ፌርማታና ግማሹ ረግረግ የሆነ የኳስ ሜዳ ነው። የፍሳሽ ቦይ የለንም። ማዘጋጃ ቤቱን ስንለምን ኖረናል፤ እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል።

ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መላ መታ። ክረምት ሊገባ ሲል ወለሉን በስብርባሪ ጡብ ያስሞላል፣ ደጃፉን ከፍ አድርጎ ያስገነባል። ውሃው ያን ጊዜ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤትም በተራው ያስሞላል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ቤቶቻችን ከውስጥ አጠሩ፤ አምፖል ለመለወጥ ወንበር ላይ መውጣት የቀረልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ይህን ሁሉ የሚሠራልን አንድ ግንበኛ ነው። ውሃልኩን ከእጁ ስለማይለይ «ጋሼ ውሃልክ» እንለዋለን። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ የገነባው ደጃፍ ጠብታ አያሳልፍም። የእሱ ቤት ግን ከሁላችንም በታች፣ የጎድጓዳው መጨረሻ ላይ ነበር። የእኛን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥር ውሃውን ወደ ራሱ እንደሚልክ አሳምሮ ያውቃል። ሌላ መተዳደሪያ ግን አልነበረውም። እኛም ዓይናችንን በጨው አጥበን «ጋሼ፣ የኔ ነገር መቼ ነው?» እንለው ነበር። የራሱንም ወለል ሞላ፣ ሞላ፣ በመጨረሻ ጎንበስ ሳይል መግባት አቃተው። ከዚያ በላይ የሚሞላበት አልነበረም።

ሚስቱ ወገቧ ተይዞ አልጋ ከያዘች ቆይታለች። ልጆቿን የወለደችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለቱ የሞቱባትም እዚያው ነው። «ከዚህ የምወጣው በሬሳ ነው» ትላለች። ግንበኛው የአልጋዋን እግሮች ጡብ ላይ አቁሞ ከውሃው ያስመልጣት ነበር። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ በቤቷ፣ በደረቅ አልጋ እንድትኖርለት።

ከእነሱ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖረው ልጃቸው ለወላጆቿ ስትል ወለሏን ሳታስሞላ ቆየች። ውሃው ግማሹ እሷ ቤት ይቀር ነበር። ኋላ ግን ትንሹ ልጇ በእርጥበቱ ሳንባውን ታመመ። አንድ ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር…»

«አውቄዋለሁ፤ ጡቡን አስመጪ» አላት።

«እናንተስ?»

እናቷ ከአልጋዋ ሆና «ሥራላት እንጂ! ልጁ ይታፈን እንዴ? እኔ እንደሆንኩ ዋና እለምዳለሁ» ብላ ሳቀች። ልጅቱ አልሳቀችም።

አሳምሮ ሠራላት። አበላሽቶ መሥራት አይችልበትም።

ኃይለኛው ዝናብ የጣለ ቀን ውሃው ፍራሹን ነካ። ተረባርበን ከነፍራሿ ተሸክመን ወደ ልጇ ቤት ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ «መልሱኝ!» እያለች ስትሰድበን ነበር። ግንበኛው «ዝናቡ ሲያባራ እመልስሻለሁ» ብሎ ሲምልላት ጊዜ ነው ዝም ያለችው።

ዝናቡ አባራ። ያን ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ። መሐንዲሱ ቦት ጫማውን አጥልቆ ዞር ዞር አለና፣ የግንበኛው ቤት ፈርሶ የሰፈሩ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ወሰነ። እኛ ምን አልን? አጨበጨብን። ስንት ዘመን የለመንነው ነገር! ለባለቤቶቹ ምትክ ቦታ ይታሰባል ተባለ፤ መቼና የት እንደሆነ ግን የተናገረ የለም።

ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው ሲፈለግ ግንበኛው «ራሴ አፈርሰዋለሁ» አለ። ጡቦቹን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ሲሚንቶውን እየፋቀ ደረደራቸው። የማን ወለል መሙያ እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ መዶሻውን ይዤለት ወደ ሴት ልጁ ቤት ገባን። ሚስቱ ቀና አለች። የመዶሻውን ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ስትሰማ ውላለች፤ ቤቱ እንደሚፈርስ ግን የነገራት የለም።

«ቤታችን ነው የዋልከው?»

«አዎ።»

«ደረቀ?»

እጁን ሲታጠብ ብዙ ቆየ። «እየደረቀ ነው» አለ።

«በመስኮቱ በኩል ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ አየኸው?»

«አስተካክዬዋለሁ።»

«ተባረክ» አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ «በይ ልብሶቼን ሰብስቢልኝ፤ ነገ አባትሽ ይወስደኛል» አለች።

ልጅቱ አባቷን አየችው። ቀና አላለም። ሻንጣውን ከአልጋው ስር ስባ አወጣችና የእናቷን ልብሶች ማጣጠፍ ጀመረች።