ከፍ ያለው ወንበር

የእንጨት ወንበር ሲንቋቋ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ክረምት፣ መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ የነበረው አባቴ ከበቅሎ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና አዲስ አበባ ተወስዶ የተሰበረው አጥንት ወጥቶ ብረት ተተካለት። መስከረም ላይ ሲመለስ የሐኪሙ ትእዛዝ በየቀኑ እንዲራመድ፣ ዝቅ ብሎ ግን ፈጽሞ እንዳይቀመጥ ነበር፤ ከተቀመጠ ብረቱ ይወልቃል። አገሩ ሁሉ አጭር ዱካ ላይ በሚቀመጥበት ዘመን ለአባቴ ብቻ አናጢ ረጅም ወንበር ሠራለት፤ እኔማ ለጓደኞቼ፣ ላዩ ላይ ሆኖ ሩቅ ያለውን የወግዲን ገበያ ያያል እያልኩ አወራ ነበር።

በጋው ሲገባ እናቴ ጧት ጧት ነጠላዋን እግሩ ላይ ጠምጥማ ቀስ እያለች ታነሳለት፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ በክራንች እስከ ስፌት መኪናው ይሄድና ፔዳሉን በጫማው ነካ አድርጎ መኪናይቱን «በጥር እረግጥሻለሁ» ይላት ነበር። እኔ ደግሞ ወንበሩ ሥር እየሰገድኩ «ጃንሆይ» እለው ነበር። እየሳቀ «አንተ ሸይጣን፣ ታሳስረኛለህ» ይለኝ ነበር።

ጥር ሊገባ ሲል፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ አባቴን በልጅነቱ ቁርአን ያስቀሩት መምህሩ ሸህ ሙሄና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሊጠይቁት መጥተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ከመምህሩ በላይ መቀመጡ አሳፍሮት «ይቅር ይበሉኝ ሸሆቼ፣ ሐኪም ነው የሰቀለኝ» አለ።

«አይዞህ ልጄ፣ አላህ አፊያህን ይስጥህ» አሉት ሸሁ።

እኔ ተመልካች ሳገኝ መቼ አርፌ አውቃለሁ? ገብቼ ግንባሬን መሬት አስነካሁና «ጃንሆይ፣ ሕዝብዎ እጅ ሊነሳ መጥቷል» አልኩ።

ሸሁ አቀረቀሩ። ሊቀመንበሩ ሳይስቅ «በዚህ ቤት ንጉሡ አልወረደም ማለት ነው?» አለ።

አባቴ ደረቅ ሳቅ ሳቀና ክራንቹን ይዞ፣ ወንበሩ እየተንቋቋ፣ ወርዶ ከሰዎቹ ጎን ዱካ ላይ ተቀመጠ። ዳሌው ሲወልቅ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

ዳግመኛ ተወስዶ ብረቱ ቢመለስለትም እግሩ እንደ ፊቱ አልሆነም። ፔዳሉን እናቴ ተምራ ትረግጥ፣ እሱ በክራንች ቆሞ ጨርቅ ይቆርጥ ነበር። ምን ነካህ ያለውን ሁሉ፣ እናቴንም ሳይቀር፣ «አዳልጦኝ ነው» ይል ነበር፤ የእኔን ቀልድ ግን አንድም ቀን አላነሳም።

ዛሬ እቤቴ ሽማግሌ ሲመጣ ረጅሙን ወንበር ሰጥቼ እኔ ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጆቼም ከቀልዶቼ አንዱ ይመስላቸዋል። የአያታቸው እግር ምን ሆኖ እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ ሌላውን ሁሉ አሥር እጥፍ አጋንኜ የማወራው ሰውዬ፣ «አዳልጦት ነው» እላቸዋለሁ።