ለእንግዳ የታጨደ ሣር

በደርግ ጊዜ ደባርቅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። በአገሩ ሁሉ ለምለም ሣር የቀረው በጉድጓድ ውኃ በሚጠጣው ግቢያችን ብቻ ነበር።

እናቴ በር ድረስ መጥታ፣ “ልጄ፣ ለላሚቱ በማጭድ ልጨድላት፤ አለቃህን ለምንልኝ” አለችኝ።

አለቃዬ፣ “ግቢው ይበላሻል፤ በማሽን ነው የሚታጨደው” አለ።

“የታጨደውን እንኳ ትውሰድ፣ ጓድ?”

“እሱን በኋላ እናያለን።”

በዚህች ቃል ተስፋ አድርጌ የኤሌክትሪኩን ማጨጃ ገለበጥኩት። ምላጩ ዝጎ ተጣብቋል። ቡሎኑን ነጭ ጋዝ አጠጥቼ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ በመከራ ፈታሁት፤ መዳፌም ተተለተለ። አዲስ ምላጭ አስሬ፣ ጄኔሬተሩን አስነስቼ ሣሩን አጨድኩ።

ክምሩን ለእናቴ ላወጣላት ስል አለቃዬ ደረሰ። “ሰው ሣር ሲሻማ እንግዳው በር ላይ እንዳያይ። አቃጥለው” አለኝ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። ዘበኛው ጋዝ አርከፍክፎ ለኮሰው፤ እናቴም ከአጥሩ ውጭ ቆማ አየች።

እንግዳው ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ ወደ አዲ አርቃይ አለፈ።

ላሚቱ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አለቃዬ ማሽኑን ስለጠገንኩ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይመረኛል።