ዙምባራ በቴኒስ ሜዳ

ከአሶሳ የተነሣነው ዐርብ ንጋት ላይ ነው። የምንሄደው አዲስ አበባ፣ የወንዶች ብሔራዊ የሜዳ ቴኒስ ቡድናችን ከአንድ ጎረቤት አገር ጋር የሚያደርገውን ግጥሚያ ለማየት ነው። የተጋጣሚውን ስም ልተወው፤ እስካሁን ሲጠራ ያመኛል። ከተጫዋቾቻችን አንዱ ራሺድ የአሶሳ ልጅ ነው። መጀመሪያ ራኬት ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ፤ የስፖርት መምህር ነኝና በትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ መረቡን ዝቅ አድርጌ አስተማርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ደስታ እንቅልፍ ስለነሣኝ ሚስቴ፣ "የምትጫወተው አንተ ነህ እንዴ?" እያለች ስትስቅብኝ ከረመች።

አብረውኝ የተጓዙት አባቱ አቶ ኢድሪስ ናቸው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የማንጎ እርሻ አላቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሲጫወት ግን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። በባጃጅ ልወስዳቸው ደጃቸው ስደርስ ዙምባራ ተሸክመው ወጡ። ዙምባራ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዜማ የሚሆነው ብዙ ሰው ተራ በተራ ሲነፋ ነው። እሳቸው የያዙት የራሳቸውን ብቻ ነበር።

"አባ፣ ይሄ ለምንድነው?" አልኳቸው።

"ልጅ እየሠራ አባት ባዶ እጅ ይሄዳል?" አሉ። "እኛ ቤት ሰው ሲያርስ፣ ሲያጭድ ይነፋለታል። ጉልበት ይሰጣል።"

መናኸሪያ ስንደርስ የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃው ጣሪያ ላይ ይጫን አለ። አቶ ኢድሪስ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ "አንተ ጣሪያ ውጣ፣ እሱ እዚህ ይቀመጣል" አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ዙምባራው አፉን በመስኮት አውጥቶ ተጓዘ።

ባምባሲ፣ ረፋድ ላይ

ከአሶሳ እስከ ባምባሲ መንገዱ በቀርቀሃና በማንጎ ዛፍ መካከል ይሄዳል። ዝናቡ ገና መቆሙ ስለነበር ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኗል። አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶች የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ከበቡን። አንዷ ወደ እኛ መስኮት ቀርባ በኦሮምኛ፣ "ኮቱ፣ ኮቱ" እያለች ጠራችንና ዙምባራውን ዳሰሰችው። "አባ፣ ሠርግ ነው?" ስትል ጠየቀች።

"ገና አልታወቀም" አሏት።

መልሱ ስላልገባኝ በቆሎዬን እየጋጥኩ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማሁት፤ መምህር ስለሆንኩ ሲጠሩኝ "ያ ኡስታዝ" ነው የሚሉኝ።

"ያ ኡስታዝ፣ እኔና ራሺድ በስልክ ተስማምተናል። ቡድኑ ካሸነፈ እዚያ ይቀራል። ከተሸነፈ ከእኔ ጋር እርሻ ይመጣል። ኸላስ፣ አለቀ። እኔ አርጅቷል፤ ማንጎው ሰው ይፈልጋል።"

በቆሎዬን አስቀመጥኩ። እኔ የለፋሁበት፣ የልጁም ሕይወት ያለበት ነገር በአንድ ግጥሚያ ሊወሰን ነው። "እርስዎስ የትኛውን ይመኛሉ?" አልኳቸው። ዙምባራውን ከመስኮቱ ሳብ አድርገው አቧራውን በፎጣቸው ይጠርጉ ጀመር።

አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ነቀምት አድረን ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገባን። ሁለቱ የነጠላ ጨዋታዎች አምልጠውናል፤ አንዱን እኛ አሸንፈናል፣ አንዱን እነሱ። ስለዚህ አሸናፊውን የሚለየው የእሑዱ የጥንድ ጨዋታ ነው፤ ከሁለቱ ተጫዋቾቻችን አንዱ ደግሞ ራሺድ ነው። ይህን ስሰማ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት።

እሑድ፣ ሜዳው ላይ

ራሺድ ሲገባ አላወቅሁትም። ትከሻው ሰፍቷል፣ የአገሩ ስም ጀርባው ላይ ተጽፏል። አባቱን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አቶ ኢድሪስ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ።

የመጀመሪያውን ዙር እኛ፣ ሁለተኛውን እነሱ ወሰዱ። ወሳኙ ሦስተኛው ዙር አምስት ለአምስት ደረሰ። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜያለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት እየጎተቱ ያስቀምጡኛል። ራሺድ ሊለጋ ተነሣ። ይህን ነጥብ ካጣ እነሱ ስድስት ለአምስት ይመራሉ። የመጀመሪያው ምት መረቡ ላይ ቀረ። አንድ ዕድል ቀረው። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ኳሷ ወደ ላይ ተወረወረች።

ዙምባራው ያኔ ተነፋ። ከጎኔ በሬ ያገሣ መሰለኝ። የራሺድ ክንድ ደነገጠ፤ ኳሷም ከሜዳ ውጭ ወደቀች። ዳኛው ወደ እኛ እያየ አስጠነቀቀ፣ ነጥቡ ግን ሄደ። ጥበቃዎች መጥተው፣ ስትወጡ ትቀበላላችሁ ብለው ዙምባራውን ወሰዱ።

እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተቆጣሁ። "ሆን ብለው ነው! እንዲሸነፍ ስለፈለጉ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው።

አቶ ኢድሪስ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ወላሂ፣ ያ ኡስታዝ... ሲከብደው አየሁ። ሰው ሲከብደው ነው የሚነፋው። እዚህ ሁሉም ዝም ይላል፣ ለምን ዝም ይላል?"

በቴኒስ ሜዳ ኳስ ስትለጋ ዝም እንደሚባል አልነገርኳቸውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጎናቸው ተቀምጬ፣ ዙምባራውን እያየሁ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጥፋቱ የመምህሩ ነው፤ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ልጆቻችን በመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ጊዜ እኩል አደረጉ። አባትየው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በአራተኛው ኳሷ የመረቡን ጫፍ ነክታ ወደ እኛ በኩል ወደቀች። ተሸነፍን።

ራሺድ ላቡን ሳይጠርግ ወደ እኛ መጣ። "አባ፣ ቃሌ ቃል ነው። ነገ አብሬ እሄዳለሁ" አለ፤ ድምፁ ግን እየተሰበረ።

አቶ ኢድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የታለ ሽንፈት? በሰው እርሻ ገብቼ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እኔ ያበላሸሁትን እኔ አላጭድም። ውሉ ፈርሷል።"

"አባ..."

"እዚሁ ሥራ። እኔ ማንጎ ሰው እፈልግለታለሁ።"

ራሺድ አባቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም ብሆን ደረቅ ዓይን አልነበረኝም።

አሶሳ፣ ማክሰኞ

ስንመለስ መንገዱ አጠረብን። ተሸንፈን ስንስቅ የመጣን ደጋፊዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሰው ልጁን የሚወድበት መንገድ እንደየቤቱ መሆኑን፣ እኔም ሳልጠይቅ ለመፍረድ ችኩል መሆኔን ተምሬ ገባሁ።

የራሺድ እናት ወይዘሮ ሀዋ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው ይመጣል ብለው አልጋ አንጥፈዋል፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ተሰናድቷል። አቶ ኢድሪስ ጎንበስ ብለው በበርታኛ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሀዋ ሰምተው ሲጨርሱ ዙምባራውን ከባላቸው እጅ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ ኡስታዝ፣ ቀጥሎ ሲጫወት እኔን ውሰድ" አሉ። "ይሄ ሽማግሌ ማንጎ ይጠብቅ።"